ቦኔር ደሴት፦ 8 ቀን፣ 19 ጊዜ መጥለቅ፣ 1,400 ፎቶ (የሚረባው 30 ቢሆን ነው)

ጨው_ቀመስ · ቅዳሜ ማታ

ሰላም ለቤቱ።

ባለፈው ወር «ለዕረፍት የት ልሂድ?» ብዬ ጠይቄ ግማሻችሁ ካንኩን፣ ግማሻችሁ ዱባይ አላችሁኝ። የማናችሁንም አልሰማሁም። ከሥራ ቦታ ጓደኛዬ ጋር ቦኔር ሄጄ መጣሁ። «ስትመለሺ ንገሪን» ብላችሁ ነበርና ይኸው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ቦኔር ከቬኔዙዌላ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆናለች፤ ገንዘቧ ግን ዶላር ነው። ሕዝቡ እርስ በርሱ የሚያወራው በፓፒያሜንቶ ነው። አፍሪካ፣ ፖርቱጋል፣ ስፔንና ሆላንድ አንድ ድስት ውስጥ ገብተው የወጡበት ቋንቋ። «ዳንኪ» ካላችሁ አመሰገናችሁ ማለት ነው። «ዱሺ» ካሏችሁ ደግሞ ፈገግ በሉ፤ «ማሬ» እንደ ማለት ነው።

ለምን እሷን መረጥኩ? ጀልባ ስለማልችል። ሌላ ቦታ በጀልባ ይወስዷችኋል፤ በሰው ሰዓት ትገባላችሁ፣ በሰው ሰዓት ትወጣላችሁ። እኔ ደግሞ ጀልባ ላይ አንጀቴ ነው የሚገለበጠው። ቦኔር ላይ ፒክአፕ ትከራያላችሁ፣ የአየር ሲሊንደሩን ከኋላ ትጭናላችሁ፣ የባሕሩን ዳር ይዛችሁ ትነዳላችሁ። ቢጫ የተቀባ ድንጋይ ስታዩ ትቆማላችሁ። ድንጋዩ ላይ የቦታው ስም ተጽፏል። ከዚያ ዕቃችሁን ለብሳችሁ በእግራችሁ መግባት ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚመጣ የምዕራቡ ዳርቻ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ጥቂት እንደዋኛችሁ ኮራሉ (ድንጋይ የሚመስለው የባሕር ፍጥረት) ቁልቁል ይጀምራል። እንዲህ ዓይነት ስም ያላቸው መጥለቂያዎች ከ80 በላይ ናቸው።

አሁን ወደ ፎቶው።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም እንግዳ አንድ የሙከራ መጥለቅ ማድረግ አለበት። ደንብ ነው። አስተማሪው «ካሜራ ዛሬ የለም» አለን። እኔ ግን ትንሿን ካሜራ ኪሴ ውስጥ ደብቄ ገባሁ። 212 ፎቶ አነሳሁ። ማታ ላፕቶፕ ላይ ስከፍታቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ፦ ሰማያዊ። እንደ ድሮው የካርቦን ወረቀት። ቀይ ስፖንጅ ሰማያዊ፣ ቢጫ ዓሣ ሰማያዊ፣ የጓደኛዬ ብርቱካናማ የመቅዘፊያ ጫማ ግራጫ። አንዱ ፎቶ ላይ የሚታየው የዓሣ ጭራ ብቻ ነው። አይ፣ አንዱ አልኩ እንዴ? 60 ያህሉ ጭራ ናቸው።

ይሄ ግን አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ ሌላ ነው። አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑን እያየሁ ቀስ እያልኩ ስወርድ አልታወቀኝም። ጉልበቴ ኮራል ላይ አረፈ። ጓደኛዬ በሲሊንደሯ ላይ በብረት ስትመታ ነው የነቃሁት። አስተማሪው ከውሃ ስንወጣ አልጮኸብኝም። ካሜራውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ «ነገ ያለ እሱ ትደግሚዋለሽ» ብሎ ሄደ።

ደገምኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ካሜራ አልነካሁም። አንድ ቦታ ላይ ሳልወርድ ሳልወጣ በትንፋሼ ብቻ ተንጠልጥዬ መቆየትን ተለማመድኩ። ሳንባ ሲሞላ ትንሽ ከፍ፣ ሲወጣ ትንሽ ዝቅ። 30ዎቹ የሚረቡ ፎቶዎች ሁሉም ከዚያ በኋላ የተነሱ ናቸው።

ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ። ፎቶዎቹን ነገ እለጥፋለሁ፣ ኢንተርኔቴ ዛሬ ሞቷል።

---

የቦሌ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ

እህቴ እንኳን በሰላም መጣሽ። እኔ ዋና አልችልም። ላንጋኖ እንኳን እስከ ጉልበቴ ነው የምገባው። እንዲህ ዓይነት ሰው ዳይቭ ማድረግ ይችላል? ወይስ «እያሳሳቀ እንደ ውሃ ወሰደው» የተባለው ለኔ ነው?

---

ጨው_ቀመስ · ቅዳሜ ማታ

@የቦሌ_ልጅ ሃሃ። እኔም ዋና የተማርኩት በ34 ዓመቴ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ በካውንቲው መዋኛ። ከጎኔ የ6 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ እነሱ በሦስት ሳምንት ጨረሱ፣ እኔ አራት ወር።

ለመጀመሪያው የስኩባ (በአየር ሲሊንደር የመጥለቅ) ሰርተፊኬት 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ያለ ምንም ዕቃ ውሃ ላይ መቆየት ይጠይቁሃል። ፍጥነት አይለኩም፣ እንደ ኤሊ ብትሄድም ያልፋል። ያለዚያ ግን አትግባ።

ከዋናው ይበልጥ ያስቸገረኝ ጆሮ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ጆሮህ ድፍን የሚለው አለ አይደል? እሱ ነው፣ ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ። የመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች ላይ ብቻ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ ትነፋለህ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሳያምህ በፊት። ካመመህ ትንሽ ከፍ ትላለህ። ጉንፋን ከያዘህ ጭራሽ አትገባም።

---

የኢላቱ · እሑድ ጠዋት

ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ግን ኮራሉ ላይ መንበርከክሽን እንደ ቀልድ ማለፍሽ ደስ አላለኝም። እኔ ኢላት (እስራኤል) ነው የምጠልቀው። በየሳምንቱ ካሜራ የያዘ ሰው ኮራል ሲሰብር አያለሁ። ካሜራ የያዘ ሰው ከሌላው የባሰ ነው፤ ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ብቻ ስለሚተከል እግሩ የት እንዳለ አያውቅም። የአንጎል ቅርጽ ያለው ኮራል በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ጉልበትሽ ያረፈበት ምናልባት ካንቺ ዕድሜ ይበልጣል።

---

ጨው_ቀመስ · እሑድ ጠዋት

እውነት ነው፣ አልከራከርም። ቀልድ አስመስዬ የጻፍኩት ስላፈርኩ ነው።

---

የምጽዋው · እሑድ ከሰዓት

ልጆች፣ እኔ ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ። ዛሬ ግን ርዕሱ የኔ ሆነና ዝም ማለት አቃተኝ።

መጥለቅ የተማርኩት ምጽዋ ነው፣ ባሕር ኃይል ሳለሁ፣ በ1970ዎቹ በኛ አቆጣጠር። ያኔ ውሃ ውስጥ የምንገባው ፎቶ ለማንሳት አልነበረም። አሁን ሮተርዳም ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቦኔር አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። ከአምስተርዳም ቀጥታ በረራ አለ።

ፎቶ የጀመርኩት በኒኮኖስ ነው። የፊልም ካሜራ ነው፣ ያለ ሌላ ሽፋን ውሃ ውስጥ የሚገባ። አንድ ፊልም 36 ፎቶ። ውሃ ውስጥ ሆኖ ፊልም መቀየር የለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠልቀህ 36 ጊዜ ብቻ ነው የምትሳሳተው። እህታችን በአንድ ቀን 212 ማንሳቷን ሳነብ የፊልሙ ዋጋ ነው መጀመሪያ የመጣብኝ።

አሁን ለምን ሰማያዊ እንደሆነብሽ ልንገርሽ። ውሃ ብርሃንን ይበላል፣ ግን እኩል አይበላም። መጀመሪያ ቀዩን ነው። አምስት ሜትር ላይ አብዛኛው ቀይ ሄዷል። ቀጥሎ ብርቱካናማው፣ ቀጥሎ ቢጫው። እጅህን ታች ብትቆርጥ ደምህ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ደርሶብኛል። ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ የሚቆጠረው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም። ብርሃኑ ከላይ እስከ ዓሣው፣ ከዓሣው ደግሞ እስከ ሌንስሽ ነው የሚጓዘው። ስምንት ሜትር ላይ ሆነሽ ሦስት ሜትር ርቆ የሚሄድ ዓሣ ብታነሺ፣ የአሥራ አንድ ሜትር ውሃ ነው በመሃል ያለው።

ስለዚህ መፍትሔው መቅረብ ነው። ከቀረብሽ በኋላ እንደገና መቅረብ። ውሃ ውስጥ ነገር ሁሉ በአንድ አራተኛ ያህል ቀርቦ ነው የሚታየው፤ ዓይንሽ «ደረስኩ» ሲልሽ አልደረስሽም። ከካሜራው ውጭ የሚገጠም ፍላሽ እንኳን ጉልበቱ አንድ ሜትር፣ ቢበዛ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ከዚያ በላይ የሚያበራው በመሃል ያለውን ብናኝ ነው። ፎቶሽ ላይ በረዶ የዘነበ የሚመስለው እሱ ነው። ፍላሹን ከሌንሱ አርቀሽ ወደ ጎን ዘርግተሽ ትንሽ ወደ ውጭ አዙሪው፤ ብርሃኑ ብናኙን ፊት ለፊት እንዳይመታው።

ደግሞ ከላይ ወደ ታች አታንሺ። ዓሣ ከጀርባው ሲነሳ እንደ ትሪ ላይ ዓሣ ነው። ዝቅ ብለሽ፣ ከጎኑ ወይም ከፊቱ፣ ዓይኑ ላይ ፎከስ አድርገሽ፣ ትንሽ ወደ ላይ። ዝቅ ለማለት ግን መንጠልጠሉን ማወቅ ግድ ነው፣ አለዚያ የኢላቱ ልጅ እንዳለው ትሰብሪያለሽ። አስተማሪሽ ካሜራውን ሁለት ቀን የነጠቀሽ ፎቶ እያስተማረሽ ነበር።

---

ሌንስ_ሰባሪ · እሑድ ማታ

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ይሄን ኮፒ አድርጌ አስቀመጥኩት። ግን ፍላሽ፣ የፍላሽ ክንድ፣ ሃውዚንግ (ውሃ የማያስገባው የካሜራ ሽፋን)... ሲደመር የመኪና ዋጋ ነው። እኔ ጎፕሮ (ትንሿን የቪዲዮ ካሜራ) ይዤ ቀይ ፊልተር ለጥፌ እገባለሁ፣ ቆንጆ ይወጣል። የምን ፍላሽ?

---

ጨው_ቀመስ · እሑድ ማታ

@ሌንስ_ሰባሪ ለቪዲዮ እስማማለሁ። ፀሐይ ባለበት፣ ከ5 እስከ 15 ሜትር ባለው ውስጥ ፊልተሩ ይሠራል። ለትንንሽ ነገር ግን አይሆንም። ቦኔር ደግሞ የትንንሽ ነገር አገር ናት።

የኔ ካሜራ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ነው፣ ያገለገለ ገዝቼ። ብቻውን እስከ 15 ሜትር ይገባል፣ በሃውዚንጉ እስከ 45። «ማይክሮስኮፕ» የሚሉት ሞድ አለው፤ ሌንሱ ዕቃውን ሊነካ እስኪደርስ ታስጠጋዋለህ። ለስላሳ ኮራል ላይ የምትሄድ ፍላሚንጎ ተንግ የምትባል ቀንድ አውጣ አለች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ እንደ ነብር ነጠብጣብ ያላት። ነጠብጣቡ ቅርፊቷ ላይ አይደለም፤ ቅርፊቱን የሸፈነው ሥጋዋ ነው። ብትነኳት ሥጋውን ትሰበስበዋለች፣ ነጭ ቅርፊት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አትንኳት። ጎፕሮ ይሄን አያነሳም።

እና አራተኛው ቀን ላይ ሃውዚንጉ ውሃ ገባበት። ምክንያቱ? አንዲት ፀጉር። የራሴ ፀጉር! የጎማ ቀለበቱ ላይ ተኝታለች። 12 ሜትር ላይ ሳየው ግማሹ ውሃ ሆኗል። ካሜራው ራሱ ውሃ ስለሚችል ተረፈ፤ ሌላ ቢሆን አልቅሼ ነበር የምመለሰው። ከዚያ ወዲያ በየማታው ቀለበቱን አውጥቼ፣ በጣቴ ዳብሼ፣ ትንሽ ቅባት ቀብቼ፣ በባትሪ እያየሁ ነው የምዘጋው። ያውም ፀጉሬን ጠቅልዬ።

---

የምጽዋው · እሑድ ማታ

@ሌንስ_ሰባሪ ጎፕሮህን አትጣል። አንድ ጥሩ የእጅ መብራት ግዛለት፣ ቀይ ፊልተሩን ደግሞ መብራት ስታበራ አውልቀው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም፣ ፊልተሩ የመብራትህን ቀለም ያበላሸዋል።

@ጨው_ቀመስ በሮው ፎርማት (ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሺ። ማታ ነጩን ስታስተካክይ የምታድኚው ፎቶ አይጠፋም። ሰማያዊ ጀርባ ስትፈልጊ ደግሞ፣ ካሜራሽ ከፈቀደልሽ፣ በሹተሩ (ብርሃን በሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ነው የምትጫወቺው፤ የጀርባው ውሃ በሹተር ይደምቃል ይጠቁራል፣ ከፊት ያለው ግን በፍላሹ ጉልበት። ሁለቱን እንደ ሁለት ቧንቧ ለየብቻ ክፈቺና ዝጊ። ይሄ ከገባሽ ሌላው ልምምድ ነው።

---

ዶላር_ቆጣቢ · ሰኞ ጠዋት

ቁም ነገሩ ላይ እንምጣ። ስንት ወጣ?

---

ጨው_ቀመስ · ሰኞ ምሳ ሰዓት

ጠብቄህ ነበር 😄

ለሁለት ተካፍለን፣ ከአውሮፕላን ትኬት ውጭ ለየራሳችን 1,600 ዶላር ገደማ። ኩሽና ያለው ቤት፣ ፒክአፕና ያልተገደበ ሲሊንደር ይጨምራል። ደሴቲቱ ለመግባት 75 ዶላር፣ ለባሕር ፓርኩ ደግሞ 40 ዶላር ከፍያለሁ። የፓርኩ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ፓርኩ ከ1979 ጀምሮ ያለ ነው (እኔ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ደሴቲቱን ዙሪያዋን ከባሕሩ ጠርዝ እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ይሸፍናል። መልሕቅ መጣል ክልክል። ጓንት ማድረግ ክልክል፤ ጓንት ያደረገ ሰው መንካት ይጀምራላ። በጦር ዓሣ መውጋት ከ1971 ጀምሮ ክልክል። አንድ የተፈቀደ ነገር ላየንፊሽን መውጋት ነው፣ እሱም ሠልጥነው ፈቃድ ላላቸው። ዓሣው ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖሶች የመጣ እንግዳ ነው፤ ቦኔር ላይ መጀመሪያ የታየው በ2009 ነው፣ ትንንሾቹን ዓሦች ይጨርሳቸዋል። ይበላል ደግሞ። በልተነዋል፣ ይጣፍጣል። ከሱ ይበልጥ ግን የፍየል ወጣቸው። «ካብሪቱ ስቶባ» ይሉታል። በርበሬ ቢጨመርበት የኛ ነው ብዬ እምል ነበር።

ማስጠንቀቂያ ለቆጣቢዎች፦ መኪና ውስጥ ምንም አትተዉ። ምንም። ሰው ውሃ ውስጥ መሆኑን ሌባ ያውቃል፣ ለአንድ ሰዓት እንደማትወጡም ያውቃል። መስኮቱንም በሩንም ክፍት ትቶ መሄድ ነው የአገሩ ዘዴ፤ ሊሰርቅ የመጣ መስታወት እንዳይሰብር። እኛ ሁለት ነጠላ ጫማ ብቻ ትተን ገባን። ስንወጣ የኔ ጫማ የለም። የጓደኛዬን ትተውታል። እስካሁን ትስቅብኛለች።

---

እትዬ_ሙሉ · ሰኞ ማታ

ልጄ፣ አነበብኩት። ጎበዝ ነሽ። ግን ማታ ማታም ትገቢያለሽ አሉ? ጓደኛሽ ፌስቡክ ላይ ለጥፋው አየሁ። በጨለማ ባሕር ውስጥ ምን ፍለጋ? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም?

---

ጨው_ቀመስ · ሰኞ ማታ

እትዬ ሙሉ፣ ዘንዶው እንኳን አልቀረም። ሞሬይ የሚሉት እባብ መሳይ ዓሣ አለ፣ ማታ ከጉድጓዱ ወጥቶ ያድናል። እኛን ግን ዞር ብሎም አላየን።

የማታው እንዲህ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የቀኖቹ ዓሦች ይተኛሉ። ፓሮትፊሽ የሚባለው በአፉ ቀጭን ከረጢት ነገር ሠርቶ እዚያው ውስጥ ይተኛል፣ እንደ አጎበር። የቀን ቡናማ ጉብታ የሚመስለው ኮራል ደግሞ አበባ ሆኖ ይከፈታል። የመርከብ ማቆሚያው ድልድይ ብረት ላይ ያለው ብርቱካናማ ኮራል በመብራት ሲታይ አደይ አበባ ነው ያልኩት፣ እውነቴን ነው።

ደስ ያላለኝ ታርፖኖቹ ናቸው። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝሙ ብርማ ዓሦች። ለሰው አያስቡም፤ መብራታችንን ነው የሚከተሉት። አንዲት ትንሽ ዓሣ ላይ አብርቼ ፎከስ ሳስተካክል ከትከሻዬ በላይ አንድ ነገር እንደ ቀስት አለፈ። ዓሣዋ የለችም። ያበራሁላት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ትንሽ ዓሣ ላይ መብራት አላቆይም።

ሌላ ደግሞ አለ። ሳናቅደው ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በሦስተኛው ቀን ነበር የገባነው። ቤት አከራያችን «ፀሐይ ከገባች ከ45 ደቂቃ በኋላ መብራታችሁን አጥፉ» አለችን። አጠፋን። ምንም። ድቅድቅ ጨለማ። እትዬ፣ እውነት ለመናገር ጸሎት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ከታች አንዲት ሰማያዊ ነጥብ በራች። በላይዋ ሌላ። በላይዋ ሌላ። እንደ ጨሌ ክር ወደ ላይ ተሰካካ። በስተግራ ሌላ ክር፣ በስተቀኝ ሌላ፣ ከዚያ ዙሪያው ሁሉ። ኦስትራኮድ የሚባሉ የሰሊጥ ፍሬ የሚያክሉ ፍጥረቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ሴት ለመጥራት ነው የሚያበሩት። ፎቶ ሞከርኩ። ጥቁር። ሁለቴ ሞክሬ ካሜራውን አንገቴ ላይ ለቀቅኩት።

---

እትዬ_ሙሉ · ሰኞ ማታ

ወይ የእግዚአብሔር ሥራ። ጸሎቱ ግን ከመግባትሽ በፊት ይሁን።

---

ሐበሻ_በፉጃይራ · ማክሰኞ ጠዋት

የባሕር ፈረስ አገኛችሁ? እኔ ፉጃይራ (ኤምሬትስ) ላይ አንድ ጊዜ አግኝቼ ጀርባውን ሰጥቶኝ አስቸገረኝ። በጣቴ ቀስ አድርጌ አዞርኩት እንጂ ፎቶ የለኝም ነበር።

---

የኢላቱ · ማክሰኞ ጠዋት

ቀስ አድርጌ አዞርኩት?!

---

የምጽዋው · ማክሰኞ ከሰዓት

@ሐበሻ_በፉጃይራ ወንድሜ፣ እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ አልፈርድብህም። ግን አታድርገው። የባሕር ፈረስ ዋናተኛ አይደለም፤ በጭራው ሣር ወይም ስፖንጅ ይዞ ነው የሚኖር። ስታዞረው ይለቃል፣ ከለቀቀ ሞገዱ ይወስደዋል። ከፍላሹም ይበልጥ እጅህ ነው የሚያስጨንቀው። ጀርባውን ከሰጠህ መልስ ሰጥቶሃል፤ «አይ» ብሎሃል። ትንሽ ራቅ ብለህ ትንፋሽህን አረጋግተህ ጠብቅ። እኔ ቦኔር ላይ ፍሮግፊሽ ለሚባል አንድ ዓሣ 40 ደቂቃ ጠብቄያለሁ። ስፖንጅ መስሎ ቁጭ ይላል፣ አይንቀሳቀስም። አፉን ሲከፍት ሲሊንደሬ ባዶ ሊሆን ነው። አነሳሁት። ፎከሱ ጭራው ላይ ነው።

---

ሐበሻ_በፉጃይራ · ማክሰኞ ማታ

ተቀብያለሁ ጋሼ። ያንን ፎቶ ደግሞ አጥፍቼዋለሁ፣ ለነገሩ ደብዛዛ ነበር።

---

አዲስ_አበቤ · ረቡዕ ጠዋት

ለኛ አገር ቤት ላለነው ካሪቢያን ሩቅ ነው። ቪዛውም። ቅርብ ምን አለ?

---

ጨው_ቀመስ · ረቡዕ ጠዋት

ስለ ቪዛው አንድ ነገር፦ ቦኔር ኔዘርላንድስ ብትሆንም የሸንገን አካል አይደለችም። ለካሪቢያን ደሴቶቻቸው የተለየ ቪዛ ነው ያላቸው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት የደች ኤምባሲን ይጠይቅ። ስለ ቅርቡ ጋሼ ይንገሩን።

---

የምጽዋው · ረቡዕ ከሰዓት

ቅርቡ ጂቡቲ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፣ ግን ጥርሱ ለሰው አይደለም፤ የሚበላው ጥቃቅን ነገር ነው። እሱን ለማየት ሲሊንደርም አያስፈልግም፣ ጭንብልና መተንፈሻ ቱቦ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጠልቆ የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ የተጨመቀ ናይትሮጅን አለ። ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣ ልክ እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይጠብቅ አውሮፕላን አይሳፈር የሚባለው። ሌላው ዓለም አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወደ ባሕር ወለል ይመለሳል። አዲስ አበባ ግን ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየርም ከዚያ እምብዛም አይለይም። ቦሌ ስታርፍ አልወረድክም ማለት ነው። ከጂቡቲ በረራው ደግሞ አጭር ነው። ስለዚህ እኔ ለአዲስ አበባ ሰው ከ24 ሰዓት በታች አልመክርም። የመጨረሻውን ቀን ለፍየል ሥጋ አድርገው።

---

አዲስ_አበቤ · ረቡዕ ማታ

ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

---

ጨው_ቀመስ · ሐሙስ ማታ

ፎቶዎቹ ተለጥፈዋል። ስለ ሦስቱ ብቻ ልበል።

ቁጥር 4፦ ሂልማ ሁከር የምትባለው መርከብ። 72 ሜትር ርዝመት አላት፣ 30 ሜትር ያህል ላይ በጎኗ ተኝታለች። በ1984 ተበላሽታ ወደብ ተጎትታ መጣች፤ ሲፈትሿት በሐሰት ግድግዳ ውስጥ 11 ቶን ያህል ማሪዋና ተገኘ። «የኔ ናት» ያለ ባለቤት ጠፋ። ውሃ እያስገባች ቆይታ መስከረም ላይ ሰጠመች። ፎቶው ላይ እንደ ሕንፃ የሚታየው ጎኗ ነው፤ ጋሼ እንዳሉት ሩቅ ስለሆነ ቀለም የለውም። ጥቁርና ነጭ አደረግኩት፣ ዳነ።

ቁጥር 11፦ «ሺህ ደረጃ» የሚሉት ቦታ። ደረጃው 70 አይሞላም። ሲሊንደር ተሸክማችሁ ስትወጡ ግን ስሙ ትክክል ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ኤሊ ናት፣ ጠርዙ ላይ ተቆርጦ የሚታየው እግር የኔ ነው።

ቁጥር 27 ውሃ ውስጥ አይደለም። በደቡብ በኩል የጨው ማምረቻ አለ፣ ውሃው ሮዝ ነው፣ ፍላሚንጎዎች ይቆሙበታል። እዚያው ባሕሩ ዳር በ1850 ገደማ ለባሪያዎች የተሠሩ የድንጋይ ጎጆዎች አሉ። በሩ እስከ ወገቤ ነው። ተጎንብሶ ሳይሆን ተንበርክኮ ነው የሚገባ። ጨው ሲቆፍሩና ሲሸከሙ የዋሉ ሰዎች የሚያድሩባቸው ነበሩ። ቤተሰባቸው ያለው ሪንኮን የምትባል መንደር ነው፣ በእግር ሰባት ሰዓት፤ ለሳምንቱ መጨረሻ ሄደው ይመለሱ ነበር። ባርነቱ የቀረው በ1863 ነው። ከጎጆዎቹ ፊት ለፊት ቢጫ ድንጋይ አለ፤ የመጥለቂያው ስም ራሱ «ነጭ ባሪያ» ነው። ጓደኛዬ እዚያ አልጠልቅም አለች። እኔ ዕቃዬን ለብሼ ነበር፣ አወለቅኩት። ጎጆው ውስጥ ገብቼ በበሩ በኩል ባሕሩን አነሳሁ።

---

ሌንስ_ሰባሪ · ሐሙስ ማታ

27ኛው ላይ ቆየሁ። በስልክ ነው ያነሳሽው?

---

ጨው_ቀመስ · ሐሙስ ማታ

በስልክ።

---

የኢላቱ · ዓርብ ጠዋት

ፎቶዎቹን አየሁ። 19ኛው ላይ ያለው ኮራል ነጭ ሆኖ የተላጠው ነገር ምንድነው? በሽታ ነው?

---

ጨው_ቀመስ · ዓርብ ጠዋት

አዎ። በ2023 ነው ደሴቲቱ የገባው። ጠንካራዎቹን ኮራሎች ይይዛል፣ ሥጋቸውን እየላጠ ይሄዳል። ለዚህ ነው በየቀኑ ዕቃችንን በመድኃኒት ያጠብነው፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እንዳናዛምተው። ያ ኮራል ሲሞት ነው ያየሁት። ከጎኑ ያለው ገና ጤነኛ ነበር።

---

የቦሌ_ልጅ · ዓርብ ማታ

ርዕሱን ላበላሽ። ዋና ተመዘገብኩ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከሕፃናቱ ጋር። መነጽር እኔ ነኝ የምገዛው ወይስ እነሱ ይሰጣሉ?

---

ጨው_ቀመስ · ዓርብ ማታ

ራስህ ግዛ። ከመግዛትህ በፊት ማሰሪያውን ሳታስር ዓይንህ ላይ ጫን አድርገው፣ ሳይወድቅ ለሁለት ሰከንድ ከያዘ ያንተ ልክ ነው።